የተጣለ መረብ ከጣና ማውጣት፦ ወታደር ጠላቂ ይሻላል ወይስ የዓሣ አስጋሪው መንጠቆ?

ባለፈው ግንቦት ኩንዝላ ነበርኩ። ግንቦት ላይ ጣና ይሸሻል፤ ክረምቱ ሲያልቅ ከሚደርስበት ከፍታ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ዝቅ ይላል። ድሮ ጀልባ የሚቆምበት ቦታ ጭቃ ሆኖ ነበር። ከጭቃው ውስጥ አረንጓዴ ነገር ብቅ ብሎ አየሁና ሣር መሰለኝ። ስጎትተው መረብ ነው። ጎተትኩ፣ ጎተትኩ፣ አያልቅም። ውኃው ውስጥ ገብቶ ይቀጥላል። መጀመሪያ ያገኘሁት የአምባዛ አጽም ነበር፤ ቀጥሎ ግማሹ የተበላ ቆሮሶ፤ ከዚያ ደግሞ ገና ጅራቱን የሚያወናጭፍ ሌላ ቆሮሶ። ያ ሁሉ አንድ መረብ ላይ።

አጠገቤ ጀልባ የሚጠግኑ ሽማግሌ ነበሩ። «አያ፣ የማነው?» አልኳቸው።

«የኔ አይደለም። የኔ ቢሆን እተወው ነበር?» አሉኝ። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና ሳቁ። «የኔስ የት እንዳለ ማን ያውቃል ብለህ ነው።»

ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ከዚያ ቀን ወዲህ በየሄድኩበት የሚነሳ አንድ ክርክር ስላለ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ስለተጣለ መረብ ካወራችሁ አንዱ ተነስቶ «ለምን ወታደር ጠላቂ አሠልጥነን አናስወጣውም?» ይላል። ሐሳቡ ከመሬት የመጣ አይደለም። የባሕር ኃይላችን እንደገና እንደሚቋቋም በ2010 ዓ.ም ተነግሯል፤ በ2011 ዓ.ም ደግሞ ከፈረንሳይ ጋር ስምምነት ተፈርሟል። ባሕር የለንም፣ ጣና ግን አለን። በሌላው ዓለምም የባሕር ኃይል ጠላቂዎች መረብ ሲያወጡ ታይቷል። የስሪላንካ ባሕር ኃይል ከኮራል ላይ፣ ባሕር ወለል ላይ ከሚያድገው ድንጋይ መሰል ሕይወት ያለው ነገር ላይ፣ መረብ በተደጋጋሚ አንስቷል። ታይላንድ ውስጥ ኮ ሎሲን የምትባል ደሴት አጠገብ በፈረንጆቹ 2021 ኮራሉን የሸፈነ ትልቅ መረብ የባሕር ኃይሉና በጎ ፈቃደኞች አብረው አውጥተዋል።

ታዲያ እኛስ? መልሴን ከመጀመሪያው ልናገር፣ ቸኩሎ የሚያነብ ካለ እዚህ ላይ ይበቃዋል። ጣና ላይ አብዛኛውን መረብ ለማውጣት ጠላቂ አያስፈልግም። መንጠቆ፣ ጀልባና ቦታውን የሚያውቅ ዓሣ አስጋሪ ይበቃል። ጠላቂ የሚያስፈልገው መረቡ ድንጋይ ወይም ብረት ላይ ሲተበተብ ነው። ለዚያ ሥራ ደግሞ ወታደር ከሲቪል ይሻላል፤ ግን ሥልጠናው ለጠራ ባሕር ሳይሆን ለጣና ጭቃ የተዘጋጀ ከሆነ ብቻ።

አሁን ወደ ዝርዝሩ እንግባ።

መጀመሪያ መረቡ ራሱ

ጣና ላይ ነገደ ወይጦዎች በደንገል ታንኳ ለዘመናት ዓሣ አስግረዋል። ታንኳው ከዳር ብዙ አይርቅም። በ1978 ዓ.ም ገደማ በፕሮጀክት አማካይነት የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ሲገባ ነገሩ ተለወጠ፤ ዓሣ አስጋሪው መሐል ሐይቅ መድረስ ቻለ። ችግሩ ናይሎን አለመበስበሱ ነው። እንደ ድሮው የጥጥ ወይም የቃጫ ገመድ ቢሆን ኖሮ ተረስቶ በቀረ በዓመት በሁለት ዓመት አፈር ይሆን ነበር። ናይሎን ግን ለአሥርት ዓመታት ይቆያል፤ ከውኃ ስለሚከብድም ታች ይቀመጣል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ከአንድ ወጥ የፕላስቲክ ክር የሚሠራው ቀጭኑ ሞኖፊላመንት የሚባለው ገብቷል። ርካሽ ነው። ስለዚህ ሲቀደድ የሚጠግነው የለም፣ ይጣላል። ውኃ ውስጥ ሲሆን ደግሞ በዓይን አይታይም፤ ዓሣውም አያየው፣ ጠላቂውም አያየው።

የሚጠፋበት መንገድ ብዙ ነው። ነፋስ ተንሳፋፊውን ይወስደዋል። ጉማሬ ይቀድደዋል። ማታ የተዘረጋ መረብ ላይ ሌላ ጀልባ ያልፍበትና ገመዱን በፕሮፔለሩ ይቆርጠዋል። አንዳንዴም ቁጥጥር መጣ ሲባል ባለቤቱ ራሱ ቆርጦት ይሄዳል። ይህችን የመጨረሻዋን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

ነገሩን የሚያብሰው ቦታው ነው። ጣና የትም የሌሉ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉት። ብዙዎቹ በክረምቱ መጨረሻ፣ ከነሐሴ ጀምሮ፣ እንቁላል ለመጣል ወደ ወንዞቹ ይወጣሉ። በእኛ በኩል ግልገል ዓባይ፣ በወዲያ ማዶ ጉማራና ርብ። ወንዙ አፍ ላይ የተረሳ አንድ መረብ መሐል ሐይቅ ላይ ከተረሱ አሥር መረቦች ይከፋል። በር ላይ እንደተዘረጋ ወጥመድ ነው።

መንጠቆ

መሣሪያው ቀላል ነው። በያጅ ቤት ሄዳችሁ ከ12 ቁጥር ፌሮ አራት ወይም አምስት ጥርስ ያለው መንጠቆ ታሠራላችሁ። ረጅም ገመድ ታስራላችሁ። ጀልባው በዝግታ ይሄዳል፣ መንጠቆው ታች ይጎተታል፣ የያዘውን ይዞ ይመጣል። ጣና ጥልቅ ሐይቅ አይደለም። ጥልቅ የሚባለው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው፤ አማካዩ 8 ሜትር አካባቢ። የታችኛው ወለል ብዙ ቦታ ደለል ነው፣ ለስላሳ። መንጠቆ እንዲህ ዓይነት ወለል ይወዳል። ኮራል ባለበት የባሕር ዳርቻ መንጠቆ ብትጎትቱ ከመረቡ በላይ ታጠፋላችሁ፤ እዚያ ጠላቂ ግድ የሚሆነው ለዚህ ነው። እኛ ጋ ኮራል የለም።

ጉድለቱስ? መንጠቆ አይመርጥም። የሰመጠ ግንድም፣ የማንንም መልህቅም፣ በሥራ ላይ ያለ የጎረቤት መረብም ያመጣል። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» የሚባለው መንጠቆ ለሚጎትት ሰው የተነገረ ነው የሚመስለኝ። ድንጋይ ላይ ደግሞ መረቡን ቀዶ ግማሹን እዚያው ይተወዋል፤ የቀረው ማጥመዱን ይቀጥላል።

አንድ የራሴን ሞኝነት ልንገራችሁ። ከጓደኞቼ ጋር አንድ ቀን መንጠቆ ጎተትን። መረቡ መጣ፣ ደስ አለን፣ እልል አልን። ሞተሩን ግን ማንም አላጠፋውም። የመረቡ ጫፍ በጀልባው ሆድ ሥር ዞሮ ፕሮፔለሩ ላይ ተጠመጠመ። ሞተሩ አንዴ ጮኸና ቀጥ አለ። ከሰዓት ነበር፤ ከሰዓት ጣና ላይ ነፋስ ይነሳል፣ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሁለት ሰዓት ሙሉ እየተንገጫገጭን በኩሽና ቢላዋ ክር ስንቆርጥ ዋልን። ስለዚህ መመሪያ፦ መረብ ሲያዝ ሞተር ይጠፋል። ሥራው ጠዋት ይጀመራል፣ ከቀትር በፊት ያልቃል። ሁሉም ሰው ላይፍ ጃኬት ያደርጋል፤ «እኔ ዋና እችላለሁ» የሚለውም ጭምር፣ በተለይ እሱ።

ትንፋሽ ይዞ መጥለቅ

አጭር ላድርገው። አይሆንም።

የሐይቅ ዳር ልጆች ጎበዞች ናቸው፣ አውቃለሁ። «ለአንድ መቶ ብር እጠልቅልሃለሁ» የሚል ልጅ አይጠፋም። በሃዋይ ራቅ ባሉት ደሴቶች ትንፋሽ ይዘው መረብ የሚያወጡ ቡድኖች ከፈረንጆቹ 1996 ጀምሮ አሉ፤ ግን እነሱ በደንብ የሠለጠኑ ናቸው፣ ውኃውም እንደ መስታወት የጠራ ነው። ጣና ውስጥ እጅህን ዘርግተህ ጣትህን የማታይበት ቦታ አለ። ትንፋሹን ይዞ የወረደ ልጅ እግሩ መረብ ውስጥ ከገባ ያለችው ጊዜ አንድ ደቂቃ ናት። ማንም ልጅ ለመረብ ብሎ እንዳይጠልቅ። ክፍያ የሚሰጥ ማኅበር ካለ ያቁም።

ሲቪል ጠላቂ መቅጠር

ይህም አማራጭ ነው፣ ግን እኛ ሀገር ገበያው ጠባብ ነው። የስኩባ፣ ማለትም የአየር ሲሊንደር አዝሎ የመጥለቅ፣ የምስክር ወረቀት ያለው ሰው ብታገኙ እንኳ ብዙ ጊዜ ወረቀቱ የመዝናኛ ነው፦ ቀይ ባሕር ሄዶ ዓሣ ያየበት። የመዝናኛ ጠላቂ ሥራ ሠሪ አይደለም። የመጀመሪያው ትምህርት «እያዩ መዋኘት» ነው፤ መቁረጥ፣ ማሰር፣ ማንሳት የለበትም። ሰው ከመቅጠራችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ «ምንም በማይታይበት ውኃ ውስጥ ስንት ሰዓት ሠርተሃል?» ከተንተባተበ ምሳ ጋብዛችሁ ሸኙት።

በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ፒዩጄት ሳውንድ የሚባል የባሕር ሰርጥ አለ። እዚያ ከፈረንጆቹ 2002 ጀምሮ ከ5,000 በላይ መረብ ወጥቷል። ያወጡት ሙያቸው ጠላቂነት የሆነ ሰዎች ናቸው። አየር የሚመጣላቸው በቱቦ ከጀልባ ነው፤ ከ32 ሜትር በታችም አይወርዱም። መረቡን መጀመሪያ በሶናር፣ በድምፅ ሞገድ ውኃ ሥር ያለውን በሚያሳይ መሣሪያ፣ ይፈልጉታል፣ ከዚያ ነው ሰው የሚወርደው። ለኛ የሚሆነው ትምህርት ይህ ነው፦ ሰው የሚወርደው ለፍለጋ ሳይሆን መረቡ ያለበት ከታወቀ በኋላ ነው። እዚህ የሶናሩን ሥራ የሚሠራልን ዓሣ አስጋሪው ነው። የት እንደጣለው ያውቃል።

ወታደር ጠላቂ

ወደ ዋናው መጣን።

ወታደር ምን ይዞ ይመጣል? ሥርዓት ይዞ ይመጣል። ውኃ ሥር ሰው የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ ከጉልበት ማነስ ሳይሆን «ትንሽ ልጨምር» ከማለት ነው። አዛዡ ከላይ ገመድ ጎትቶ «ውጣ» ሲለው የሚወጣ ሰው መረብ ሥራ ላይ ወርቅ ነው። ወታደር ጠላቂ በጨለማ መፈለግን ይማራል፦ ወለሉ ላይ ገመድ ዘርግቶ በእጁ እየዳሰሰ መሄድ፣ ወይም አንድ ቦታ ላይ ገመድ አስሮ ክብ እየሠራ መዞር። መርከብ ሥር ገብቶ መሥራት ይለምዳል። ጥንድ ሆኖ መሥራትም ደሙ ውስጥ ነው።

የሚጎድለውስ? መረብ አያውቅም። መረብ ደግሞ ከሌላ ነገር ሁሉ የተለየ ጠላት ነው፣ ምክንያቱም የሚይዝህ ስትታገለው ነው። ሥልጠናው ላይ መጨመር ያለበት ዋናው ነገር ይህ ይመስለኛል፦ ዓይኑ የተሸፈነ ሰው ገንዳ ውስጥ አውርዶ፣ መረብ አልብሶ፣ መጀመሪያ *ምንም አለማድረግን* ማስተማር። መቆም። መተንፈስ። ከዚያ በእጅ ዳስሶ የያዘው የት ጋ እንደሆነ ማግኘት። ከዚያ መቁረጥ። ቀላል ይመስላል። ሱሪህ እሾህ ሲይዘው ምን እንደምታደርግ አስብ፤ ትጎትታለህ። ሁላችንም እንጎትታለን። ያንን ልማድ መስበር ሳምንታት ይፈጃል።

መሣሪያም ይለወጣል። ቢላዋ አንድ አይበቃም፣ ሁለት ይሁን፤ አንዱ ቀኝ እጅ የሚደርስበት፣ ሌላው ግራ የሚደርስበት። ለሞኖፊላመንት ደግሞ ከቢላዋ መቀስ ይሻላል፣ የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያዎች ልብስ የሚቀዱበት ዓይነት ጠንካራ መቀስ። ሰውነት ላይ የሚንጠለጠል ነገር በሙሉ ይነሳል ወይም ይጣበቃል፦ የአየር መለኪያ ጌጁ፣ ቱቦው፣ ማሰሪያው፣ የፊኑ (የመዋኛ ጫማው) ዘለበት ሳይቀር በቴፕ ይሸፈናል። መረብ ዘለበት ይወዳል። ሁለተኛ የአየር ምንጭም ግድ ነው፤ ትንሽ ተጨማሪ ሲሊንደር።

ከዚያ ሕጎቹ። ጠላቂ መረብ ሥር አይገባም፣ ሁልጊዜ ከጎን ወይም ከላይ ይሠራል። እምቦጭ በሸፈነው ዳርቻ ሥር አይጠልቅም፤ መውጫው ላይ ክዳን አለ ማለት ነውና። መረቡ በትንሽ በትንሹ ይቆረጣል፣ ሙሉውን አንዴ ለማንሳት አይሞከርም። እና የጀልባው ሞተር ጠላቂ ውኃ ውስጥ እያለ አይነሳም። አይነሳም አልኩ።

አየርም ቢሆን የሚመስለውን ያህል አይደለም። አንድ 12 ሊትር ሲሊንደር በ200 ባር 2,400 ሊትር አየር ይይዛል። አንድ ሦስተኛውን ለአደጋ ተዉት፤ 1,600 ሊትር ቀረ። ጠንክሮ የሚሠራ ሰው ላይ ላይ ሲሆን በደቂቃ 35 ሊትር ያህል ይተነፍሳል፣ ጣና ውስጥ 10 ሜትር ላይ ደግሞ ግፊቱ ስለሚጨምር 63 ሊትር አካባቢ ይሆናል። አስሉት፦ 25 ደቂቃ። ለዚያች 25 ደቂቃ ነው ጀልባው፣ ነዳጁ፣ ኮምፕሬሰሩና አበሉ ሁሉ የሚወጣው። መንጠቆው ግን አይተነፍስም።

በቱቦ የሚመጣ አየርስ? ወታደሮቹ ይህን ከተማሩ፣ ለጣና ከሲሊንደር ይልቅ እሱን እመርጣለሁ። አየር አያልቅም፤ ከላይ ካለው ሰው ጋር በስልክ ይነጋገራሉ፤ ምንም በማይታይበት ቦታ ድምፅ መስማት ትልቅ ነገር ነው። ቱቦው ራሱ መረብ ውስጥ ሊገባ መቻሉ ጣጣ አለው፣ ግን ቱቦውን የሚይዝ ጥሩ ሰው ጀልባ ላይ ካለ ይቻላል።

ባሕር ላይ የተማረ ሰው ጣና ሲመጣ

ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ይሄ ነው፣ እኔም እስክጠይቅ ድረስ አላሰብኩትም።

ጣና ያለው ከባሕር ወለል በላይ 1,786 ሜትር ላይ ነው። ሰው ጠልቆ ሲወጣ በሰውነቱ ውስጥ የተጠራቀመው ናይትሮጅን ቀስ ብሎ መውጣት አለበት፤ በፍጥነት ከወጣ አረፋ ይሆንና መገጣጠሚያውን፣ አንዳንዴም አከርካሪውን ይመታዋል። እዚህ ላይ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው 81 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ወደ ላይ ስንወጣ የምንደርሰው ወደ ቀለለ አየር ነው፤ አረፋው የመፈጠር ዕድሉ ይጨምራል። ጠላቂ በየጥልቀቱ ስንት ደቂቃ መቆየት እንደሚችል በሚያነብበት ሠንጠረዥ ቋንቋ ስናወራ ጣና ውስጥ 14 ሜትር የጠለቀ ሰው ባሕር ላይ 17 ሜትር እንደጠለቀ ይቆጠራል። በባሕር ሠንጠረዥ 14 ብሎ የሚያነብ ጠላቂ ራሱን እያታለለ ነው። የእጅ ኮምፒውተሩም ከፍታ የሚያነብ መሆኑ መረጋገጥ አለበት።

ከባሕር ዳርቻ በአውሮፕላን የመጣ ቡድን በዚያው ቀን አይጠልቅም። ቢያንስ 12 ሰዓት ይረፍ፣ ሰውነቱ ከፍታውን ይልመድ።

ከሥራ በኋላም ጣጣ አለ። ከባሕር ዳር የሚወጣው መንገድ ሁሉ ወደ ላይ ነው። በዳንግላ አድርጋችሁ እንጅባራ ብትሄዱ 2,500 ሜትር ትደርሳላችሁ። ጠልቆ የወጣ ሰው «ዛሬውኑ ቤቴ ልግባ» ብሎ ሚኒባስ ቢይዝ አውሮፕላን እንደተሳፈረ ቁጠሩት። ለበረራ የሚመከረው አንድ ጊዜ ለጠለቀ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ ለጠለቀ 18 ሰዓት መጠበቅ ነው። ለእንጅባራ መንገድም ይኸው ይሁን። ባሕር ዳር ያሳድሩት፣ ዓሣ ጥብስ ይብላ።

ማንሻ ከረጢቱም እዚህ ፀባዩ ይለያል። መረቡ ተቆርጦ ሲያልቅ በአየር ከረጢት ነው የሚነሳው፤ አንድ ሊትር አየር አንድ ኪሎ ያህል ያነሳል። ከረጢቱ ወደ ላይ ሲወጣ አየሩ ይሰፋል። ባሕር ላይ አየሩ እጥፍ የሚሆነው ከ10 ሜትር ተነስቶ ላይ ሲደርስ ነው። ጣና ላይ 8 ሜትር ይበቃል። ማለትም ቶሎ ይፈጥናል፣ ቶሎ ያመልጣል፣ መረቡንና የመረቡን አቅራቢያ ሁሉ ይዞ ይወጣል። አቅራቢያው ውስጥ የጠላቂው እግር እንዳይኖር። ትንሽ ትንሽ ከረጢት፣ በየተራ።

ጉማሬውንም አልረሳሁም። ዓባይ ከጣና የሚወጣበት አካባቢና ወንዝ አፍ ላይ ጉማሬ አለ። ለዚህ ሠንጠረዥ የለውም። የሚያውቅ ሰው ጀልባ ላይ ቆሞ ይመለከታል፣ ጉማሬ ከታየ ሥራ ይቀራል፣ በቃ። ሌላው ቢልሃርዝያ ነው፤ ዳር ዳሩን፣ ሣር ያለበትን ውኃ የሚነካ ሰው ሥራው ካለቀ በኋላ ጤና ጣቢያ ሄዶ ይመርመር፤ መድኃኒት አለው።

ሥልጠናውን የሚያቅድ ሰው ካለ አንድ ጥያቄ ላስቀምጥለት። የግፊት ክፍል፣ ጠላቂ ሲታመም የሚታከምበት፣ የት ነው ያለው? በስንት ሰዓት ይደረሳል? በዝቅታ በሚበር አውሮፕላን ወይስ በመኪና ጋራ ተሻግሮ? መልሱ ወረቀት ላይ ካልተጻፈ ማንም አይጥለቅ።

ዩኒፎርሙ

ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር።

መረቡ የት እንዳለ የሚያውቀው ዓሣ አስጋሪው ነው ብያለሁ። ዓሣ አስጋሪው ግን ጠባብ ዓይን ያለው መረብ ወይም ሞኖፊላመንት ጥሎ ከሆነ ራሱን ማጋለጥ አይፈልግም። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 እንዳለ ያውቃል፣ ዝርዝሩን ባያውቅም ቅጣት እንዳለው ያውቃል። አሁን አስቡት፤ ወታደር የጫነ ጀልባ መጥቶ «መረብህን የት ጣልክ?» ሲለው ምን ይላል? «እኔ መረብ የለኝም» ይላል። ጊዜውም እንደምታውቁት ነው፣ ዩኒፎርም ሲታይ ሰው መንገድ ይቀይራል።

ስለዚህ ወታደር ከመጣ፣ ጠያቂው ወታደር አይሁን። ማኅበሩ ይጠይቅ፣ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ይጠይቁ፣ የጠቆመ አይቀጣም ተብሎ ቃል ይገባለት፣ ቃሉም ይጠበቅ። ጠላቂዎቹ በሥራ ልብስ ይምጡ። ይህ ካልተስተካከለ የዓለም ምርጥ ጠላቂ ብታመጡም ባዶ ጭቃ ሲዳስስ ነው የሚውለው።

እና ምን ልምረጥ?

በቦታው ነው የሚወሰነው።

ዳርቻ ላይ ያለ መረብ፦ ማንንም አትጥሩ። ሚያዝያና ግንቦት ውኃው ሲሸሽ በእግር ሄዳችሁ ልቀሙት። ቦት ጫማ፣ ጓንት፣ መቀስ። ከዚህ የረከሰ ዘዴ የለም፣ ግን ማንም አይሠራውም፣ ምክንያቱም ባነርና ቲሸርት የለውም።

መሐል ሐይቅ፣ ደለል ወለል፦ መንጠቆ። ከኅዳር እስከ የካቲት ጠዋት ጠዋት።

ወንዝ አፍ፦ መንጠቆ፣ ግን ክረምቱ ሳይገባ፣ እስከ ሰኔ መጀመሪያ መጠናቀቅ አለበት። ነሐሴ ላይ ነጭ ዓሣው ሲመጣ መንገዱ ክፍት ይሁን። ክረምት ከገባ በኋላ ወንዙ የሚያመጣው ደለል ውኃውን ቡና ያስመስለዋል፣ ያኔ ጠላቂም አይረባም።

ድንጋያማ የደሴት ዳርቻ፣ የሰመጠ ጀልባ፣ የመርከብ ማቆሚያ ምሰሶ፦ እዚህ ነው ጠላቂ። መንጠቆ ከሞከራችሁ ትቀዱታላችሁ። ወታደሩን እዚህ አምጡት። ደሴት ላይ ገዳም ካለ ደግሞ ቀድማችሁ አስፈቅዱ፤ የሴት እግር የማይረግጥበት ደሴት እንዳለ እዚህ ላደገ ሰው መንገር አያስፈልግም፣ ከሌላ የመጣ ቡድን ግን ላያውቅ ይችላል።

ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ጨራጨራ ግድብ አካባቢ፦ ውኃ በበሮቹ በኩል ይሳባል። መረብ ብታዩ እንኳ በራሳችሁ አትቅረቡ። ግድቡን የሚያስተዳድረው አካል በሮቹን ዘግቶ፣ መዘጋታቸውን በጽሑፍ አረጋግጦ ካልሆነ ወታደርም ቢሆን አይገባም።

ለሥልጠናው ብር ያለው አካል ካለና የኔን ሐሳብ ከጠየቀኝ፣ ትንሽ ቡድን አሠልጥኑ እላለሁ። ስድስት ሰው ይበቃል፦ ሁለት ውኃ ውስጥ፣ ሁለት ለብሰው ተዘጋጅተው ጀልባ ላይ፣ አንድ ገመድና ሰዓት የሚይዝ፣ አንድ መሪ። ሰባተኛው ዓሣ አስጋሪ ነው፣ እሱ ይከፈለው፤ በአበል ሳይሆን በደንብ። መሠረታዊውን ሥልጠና ባሕር ላይ ይውሰዱ፣ ግድ የለም። የመጨረሻዎቹን ሳምንታት ግን እዚህ፣ በዚህ ጭቃ፣ በዚህ ከፍታ።

የወጣው መረብ ምን ይሆናል? አታቃጥሉት፤ ጭሱ መርዝ ነው። ዳር ላይ ከምራችሁም አትሂዱ፣ በሚቀጥለው ክረምት ውኃው መጥቶ ይወስደዋል። በሕይወት ያለውን ዓሣ መጀመሪያ ፍቱ። ከዚያ እርሳሱና ተንሳፋፊው ተቆርጦ ይነሳ፤ ለዓሣ አስጋሪው አዲስ መግዛት ውድ ነው፣ መልሶ ይጠቀምበታል። ክሩ በጆንያ ታስሮ ከሐይቁ ይራቅ። የት እንደተገኘ፣ ስንት ሜትር እንደሆነ፣ የዓይኑ ስፋት ስንት ጣት እንደሆነ በደብተር ይጻፍ።

የኩንዝላውን መረብ እኔና እኚያ ሽማግሌ እስከ ምሳ ሰዓት ጎትተን አወጣነው። ቆሮሶውን ለቀቅነው። ተንሳፋፊዎቹን አንድ በአንድ ፈትተው በሻሽ ቋጠሩ፤ አንዷን ግን አገላብጠው አይተው ለብቻዋ ኪሳቸው ከተቱ። ጎኗ ላይ በጋለ ሚስማር የተበሳች ምልክት ነበረባት። ምንም አላልኳቸውም።